አባ ፔድሮ ፓኤዝና በጣና ዳር የታነጸው ፎቅ

በዛሬው ጊዜ በባሕር ዳርም ሆነ በሌሎች ከተሞቻችን ፎቅ መሥራትና ሰውን በአሳንሰር ወደ ላይ ማውጣት የተለመደ ሙያ ሆኗል። አገራችን ከአክሱም ዘመን ጀምሮ በደርብ የመሥራትን ጥበብ ብታውቅም፣ በጣና ዳርቻ አንድ የፎቅ ቤት እንደ ተአምር የታየበት ጊዜ ነበር። የዚያ ቤት ሐናጺ እስፓኛዊው የኢየሱሳውያን ማኅበር ካህን አባ ፔድሮ ፓኤዝ ነው።

ፓኤዝ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1564 ኦልሜዳ በተባለች የእስፓኝ መንደር ተወለደ። በ1582 ወደ ማኅበሩ ገባ፤ በ1588ም ወደ ህንድ አገር ወደ ጎዋ ተላከ። ከዚያ ወደ ኢትዮጵያ ጉዞ ቢጀምርም በዐረብ ጠረፍ ተማረከና እስከ 1596 ድረስ በየመን ምድር በእስራትና በመርከብ ቀዘፋ ቁም ስቅሉን አየ። ይህ ሁሉ መከራ ግን ከሐሳቡ አላናወጠውም። በ1603 የአርመን ነጋዴ መስሎ በምፅዋ በኩል ገባ። በዐድዋ አጠገብ በምትገኘው ፍሬሞና ተቀምጦም ግዕዝና አማርኛ ተማረ።

ዐፄ ሱስንዮስ ወደ ጣና በሚገባው የጎርጎራ ባሕረ ገብ መሬት ላይ ቤተ መንግሥት ለማሠራት ባሰበ ጊዜ ሥራውን ለፓኤዝ ሰጠው። ይህም የሆነው በ1614 ገደማ ነው። ፓኤዝ በቅድሚያ ያጋጠመው ችግር የድንጋይ እጦት ሳይሆን የመሣሪያና የሠለጠነ እጅ እጦት ነበር። ስለዚህ መዶሻውንና መሮውን በራሱ መሪነት አሠርቶ፣ ድንጋይ እንዴት እንደሚጠረብና እንዴት እንደሚገጥም ለሠራተኞቹ በእጁ እየሠራ አሳያቸው። ኖራ ገና በሥራ ላይ ስላልዋለ ግንቡ በጭቃ ተያያዘ፤ የኖራ ድንጋይ የታወቀው ፓኤዝ ከሞተ በኋላ ከህንድ በመጣ ግንበኛ አማካይነት ነው። ሕንጻው ተፈጽሞ ሰው በደረጃ ወደ ደርቡ መውጣት ሲጀምር፣ ሊያየው የመጣው ሕዝብ በቤት ላይ ቤት ብሎ ሰየመው።

ፓኤዝ ለላይኛው ክፍል በር፣ ሲዘጋ በሞላ ራሱን የሚቈልፍ መዝጊያ ገጠመለት። ሚስዮናውያኑ ጽፈው እንዳቈዩት፣ በ1617 የንጉሡ አማች ዮልዮስና ግብረ አበሮቹ ሱስንዮስን ለመግደል በዶለቱ ጊዜ ንጉሡ በዚያ በር አልፎ ወደ ላይ ሲወጣ መዝጊያው ከኋላው ስለ ተቈለፈ ከሞት ተረፈ። ከ200 ዓመት በላይ ቈይቶ፣ በ1854 አሜሪካዊው ኤሊሻ ኦቲስ በኒው ዮርክ በሕዝብ ፊት በመውጫ መድረክ ላይ ቆሞ ገመዱን አስቈረጠ፤ መድረኩንም ሞላ ይዞ ከመውደቅ አዳነው። ኦቲስ በ1853 የመሠረተው የአሳንሰር ፋብሪካም እርሱ በ1861 ከሞተ በኋላ በልጆቹ እጅ አድጎ እስከ ዘመናችን ደርሷል። ሁለቱን ባለሙያዎች የሚያገናኛቸው የሥራ ዝምድና ባይኖርም፣ ሰው ወደ ላይ ለመውጣት የሚደፍረው ከክፉ የሚጠብቀው ነገር መኖሩን ሲያምን እንደሆነ የሁለቱም ሥራ ይመሰክራል።

ፓኤዝ ከግንበኝነት ሌላ በጸሐፊነቱም ይታወቃል። በ1618 ከንጉሡ ጋር ወደ ሰከላ ወርዶ የግሽ ዓባይን ምንጭ አየ፤ ያየውንም በፖርቱጋል ቋንቋ በጻፈው የኢትዮጵያ ታሪክ ውስጥ አሰፈረ። በ1622 መጀመሪያ ሱስንዮስ የካቶሊክን ሃይማኖት በይፋ ተቀበለ። ፓኤዝም በዚያው ዓመት በግንቦት ወር በትኩሳት ታሞ በጎርጎራ ዐረፈ።

በ1625 የመጣው ፓትርያርክ አልፎንሶ ሜንዴዝ ፓኤዝ በትዕግሥት የያዘውን ነገር በትእዛዝ ለመፈጸም ተጣደፈ። ሕዝቡም ለአባቶቹ ሃይማኖት ተነሣ፤ ብዙ ደምም ፈሰሰ። በመጨረሻ ሱስንዮስ በ1632 የቀድሞውን ሃይማኖት መልሶ ዙፋኑን ለልጁ ለፋሲለደስ ለቀቀ። ፋሲለደስ ኢየሱሳውያኑን ከአገር አስወጣ። የድንጋይን ሥራ ግን አላስወጣውም፤ በ1636 በቈረቈራት በጎንደር ባለ ደርብ ግንቡን አቆመ። በጎንደር ግንቦች ላይ የአገር፣ የህንድ፣ የቱርክና የፖርቱጋል እጅ ድርሻ ምን ያህል እንደ ሆነ ሊቃውንት ይከራከራሉ።

ዛሬ ጎብኝዎች በጎርጎራ የፓኤዝ ሥራ እያሉ የሚያደንቁት የማርያም ግንብ ፍርስራሽ በእውነቱ እርሱ ከሞተ በኋላ የተሠራ ነው። በባሕር ዳር በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ግቢ ያለው አሮጌ ባለ ፎቅ ቤትም በስሙ ሲጠራ ይሰማል። ያልሠራው ሁሉ በስሙ መጠራቱ ሕዝቡ ሐናጺውን ከሰባኪው ለይቶ እንዳስታወሰው ያመለክታል። በዐዋጅ የተጫነው እምነት ከ10 ዓመት በላይ አልቆየም፤ መሮና መዶሻ ጨብጦ ያስተማረው ሰው ስም ግን በሐይቁ ግራና ቀኝ አራት መቶ ዓመት ዘልቋል።