ራምቦ ለምኒልክ ያመጣው ርካሽ ጠመንጃ

መጀመሪያ እንግባባ፤ የፊልሙ ራምቦ አይደለም። ይሄኛው ፈረንሳዊው ገጣሚ አርተር ራምቦ ነው። ለነገሩ የፊልሙ ገጸ ባሕሪም ስሙን ያገኘው ከእሱ ነው፤ ደራሲው ያኔ የዚህን ሰው ግጥሞች እያነበበ ነበር። ዓመቶቹን በፈረንጆች አቆጣጠር አስቀምጠናል።

ራምቦ በ1854 ሻርልቪል በምትባል የሰሜን ፈረንሳይ ከተማ ተወለደ። ገና በሃያዎቹ መጀመሪያ ግጥም እርግፍ አድርጎ ተወ። በ1880 ኤደን ደረሰ፤ እዚያ የቀጠረው ነጋዴ በዓመቱ መጨረሻ ሐረር ላከው። ሥራው ቡናና ቆዳ መግዛት ነበር።

በ1885 ግን ሌላ ንግድ ታየው። የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ መሣሪያ እየገዙ ነው። ሂሳቡ ያጓጓል፤ አውሮፓ ያረጀ ጠመንጃ በ7 ወይም 8 ፍራንክ ገዝቶ ሸዋ ላይ በ40 መሸጥ!

ታዲያ ለምን ይህን ያህል ረከሰ? ታቦር ያለ ስልክ ቤት ገብቶ ርካሹንና መካከለኛውን ጎን ለጎን አድርጎ የሚያይ ሰው ጥያቄው ይገባዋል። ርካሹ በካፕሱል የሚተኮስ፣ ባሩዱና አረሩ በአፈሙዙ የሚገባ ነው። ተኳሹ ቆሞ መጎሰር አለበት፤ በደቂቃ ሁለት ሦስት ጊዜ ቢተኩስ ነው። ዝናብ ደግሞ ባሩዱን ያበላሻል። ሬሚንግተን ግን ከኋላ ይጎርሳል፣ ጥይቱ በቀለህ የታሸገ ነው፣ ተኝተውም ይጎርሱታል። በደቂቃ አስር ጊዜ ያህል ይተኩሳል።

ራምቦ ያመጣው ወደ 2,000 የሚጠጋ ያንን አሮጌውን ነው። ደግነቱ 60,000 የሬሚንግተን ጥይትም ጨምሯል፤ ለእነዚያ ጠመንጃዎች ግን አይሆንም።

መንገዱ ደግሞ ጉድ ነው። ታጁራ ላይ አንድ ዓመት ገደማ ተገተረ፤ የመሣሪያ ንግድ ታገደ፣ ሸሪኩ ላባቱ ታሞ ሞተ፣ አብሮት ሊጓዝ የነበረው ሶሌዬም ሞተ። በጥቅምት 1886 ብቻውን ቅፍለቱን ይዞ ተነሳ፣ የአፋርን በረሃ አቋርጦ በየካቲት 1887 አንኮበር ገባ።

ጊዜው አልረዳውም። ምኒልክ ገና ሐረርን መያዛቸው ነው፤ እዚያም ግብፆች ትተውት የሄዱትን መሣሪያ አግኝተዋል። እንጦጦ ላይ ሲገናኙ ንጉሡ የሚገዙትን ያውቁ ነበር። በችርቻሮ መሸጥ ከለከሉት፣ ሁሉንም ባንዴ በቅናሽ ወሰዱ፣ የሟቹን የላባቱን ዕዳም ቀነሱበት። የቀረውን ሐረር ሄዶ ከደጃዝማች መኮንን፣ ከኋላው ራስ መኮንን፣ እንዲቀበል ደብዳቤ ሰጡት። በእኛ እይታ ንጉሡ ጎበዝ ገዢ ናቸው፤ አሮጌውን አልናቁም፣ ግን በአሮጌ ዋጋ ነው የወሰዱት። ዓድዋ ላይ የኢትዮጵያ ሠራዊት እነ ሬሚንግተንና ውጅግራን ይዞ ነው የዘመተው።

ራምቦ ከሰርኩ ብሎ ለቆንስሉ አመለከተ። በዚያው ክረምት ግን ካይሮ ላይ 16,000 ፍራንክ የሚያወጣ ወርቅ ወገቡ ላይ ታጥቆ ክብደቱ አሳመመኝ እያለ ይጽፍ ነበር። እናንተው ፍረዱ።

ከ1888 ጀምሮ ተመልሶ ሐረር ነገደ። በ1891 ጉልበቱ አበጠ፣ በቃሬዛ ዘይላ ድረስ ተሸከሙት፣ ማርሴይ ላይ እግሩ ተቆረጠ። ኅዳር 10 ቀን 1891 እዚያው ሞተ፤ ዕድሜው 37 ነበር። ሐረር በስሙ የሚጠራው ቤት የተሠራው ከሞተ በኋላ ነው።