ዘውዱን ሳይነጠቅ ዱላውን የሰቀለው ጆ ዴቪስ

ቄራ አካባቢ ሥራ ውሎ ወደ ፑል ቤት ጎራ ማለት ለብዙ ሰው የተለመደ ነው። አረንጓዴው ጨርቅ ዙሪያ ዱላውን ጠመኔ የሚቀባ፣ ተራውን የሚጠብቅ፣ ዳር ቆሞ የሰው አመታት የሚያርም አይጠፋም። ልጁ እዚያ መዋሉን የሰማ ወላጅ ግን ደስ አይለውም። ፑል ቤት የሚውል ልጅ ዱርዬ ነው፣ ትምህርትም አይገፋም ይባላል። ይህ አባባል የአዲስ አበባ ብቻ አይደለም። ጨዋታው ባደገበት በእንግሊዝም በቢሊያርድ ጎበዝ መሆን ወጣትነትን በከንቱ የማባከን ምልክት ተደርጎ ሲታይ ኖሯል። ይህን የመጠጥ ቤት ጨዋታ ሙሉ ልብስ አልብሶ፣ እንጀራም ክብርም የሚገኝበት ሙያ ያደረገው ሰው ጆ ዴቪስ ይባላል።

ጆ የተወለደው እ.ኤ.አ አፕሪል 15 ቀን 1901 በደርቢሻየር፣ ዊትዌል በምትባል የማዕድን መንደር ነው። አባቱ የድንጋይ ከሰል ቆፋሪ ነበር። በኋላ ግን ጉድጓዱን ትቶ ቼስተርፊልድ አጠገብ መጠጥ ቤት ያዘ። የልጁን ዕድል የወሰነው ታዲያ በዚያ ቤት ውስጥ የነበረው ትልቁ የቢሊያርድ ጠረጴዛ ነው። ጆ ከጠረጴዛው አልለይም አለ። በ12 ዓመቱ በአንድ ተራ ሳይቋረጥ 100 ነጥብ አስቆጠረ። በ13 ዓመቱ የቼስተርፊልድና አካባቢዋ አማተሮች ሻምፒዮን ሆነ። በ18 ዓመቱ ደግሞ ፕሮፌሽናል።

የሚገርመው ቀኝ ዓይኑ ደካማ ነበር። በቀኝ እጁ የሚመታ ሰው በግራ ዓይኑ ያነጣጥራል። ለዚህም ሲል ዱላውን በአገጩ ግራ በኩል አስጠግቶ መምታት ለመደ። ለሌላው ሰው እንከን የሚመስለው ነገር ለእሱ የአመታት ስልት ሆነለት።

በዚያን ጊዜ የጠረጴዛው ንጉሥ በሦስት ኳስ የሚጫወቱት ቢሊያርድ ነበር። ስኑከር ገና እንደ ታናሽ ወንድም ነው የሚታየው። ጨዋታው እ.ኤ.አ በ1875 ሕንድ ውስጥ በነበሩ የእንግሊዝ መኮንኖች እንደተፈጠረ ይነገራል። ጠረጴዛው ሰፈር ካለው የፑል ጠረጴዛ በጣም ይበልጣል። 15 ቀይ፣ ስድስት ባለ ልዩ ልዩ ቀለምና አንድ ነጭ ኳስ አሉት። ቀይ አንድ ነጥብ ነው። ቀይ ያስገባ ተጫዋች ከሁለት እስከ ሰባት ነጥብ ከሚያወጡት ባለቀለሞች አንዱን ይሞክራል። ከዚያ እንደገና ቀይ፣ እንደገና ባለቀለም እያለ ይቀጥላል። ፕሮፌሽናሎቹ ግን ስኑከርን ከቢሊያርድ ግጥሚያ በኋላ ለተመልካች እንደ ማሟያ ነበር የሚጫወቱት።

ጆ ራሱ በቢሊያርድ የዋዛ አልነበረም፤ ከ1928 እስከ 1932 ባለው ጊዜ አራት ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን ሆኗል። ይሁንና ቢሊያርድ በገዛ ጎበዞቹ ሊሞት ተቃርቦ ነበር። አውስትራሊያዊው ዋልተር ሊንድረም እ.ኤ.አ በ1932 በአንድ ተራ ብቻ 4,137 ነጥብ አስቆጠረ። ተጋጣሚው ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ ያያል፣ ተመልካቹም ያንቀላፋል። ስኑከር ግን በየጨዋታው አዲስ ፍልሚያ ነው። ጆ ይህን ከሌሎቹ ቀድሞ ገብቶት ነበር።

እ.ኤ.አ በ1924 ቶም ዴኒስ የተባለ የኖቲንግሃም ተጫዋች ለስኑከር ፕሮፌሽናሎች ሻምፒዮና እንዲዘጋጅ የቢሊያርዱን ማኅበር ጠይቆ ነበር። ማኅበሩ ጨዋታው ተመልካች መሳቡን ተጠራጠረና ነገሩ ቀረ። ጆና የበርሚንግሃሙ የቢሊያርድ አዳራሽ ባለቤት ቢል ካምኪን ግን አለቀቁም። እ.ኤ.አ በ1926 ማኅበሩን አሳምነው አሥር ተጫዋቾች የገቡበት የመጀመሪያው ሻምፒዮና ተጀመረ። ፍጻሜው በሜይ 1927 በርሚንግሃም ውስጥ ተደረገ። ጆ 20 ለ 11 ረታ። የተረታው ደግሞ ያው ሐሳቡን በፊት ያመጣው ቶም ዴኒስ ነው። ዴኒስ ከዚያ በኋላም ሦስት ጊዜ ፍጻሜ ደርሶ፣ ሦስቱንም ጊዜ በጆ ተሸንፏል።

የሻምፒዮኑ ሽልማት ስድስት ፓውንድ ከአሥር ሽልንግ ነበር። ከውድድሩ ከተገኘው ገንዘብም ዋንጫ ተገዛ። የዓለም ሻምፒዮኖች ዛሬም የሚያነሱት ያንኑ ዋንጫ ነው።

ጅምሩ ቀላል አልነበረም። በ1931 ለውድድሩ የተመዘገቡት ጆና ዴኒስ ሁለቱ ብቻ ነበሩ። ለዓለም ዋንጫ የተጋጠሙትም እዚያው በዴኒስ ከተማ በኖቲንግሃም ነው። ጆ 25 ለ 21 አሸነፈ። ሰው ቢኖርም ባይኖርም ውድድሩ እንዳይቋረጥ በየዓመቱ ይመዘገብ ነበር፣ በየዓመቱም ያሸንፍ ነበር።

እውነተኛ ፈተና የመጣው ከገዛ ቤቱ ነው። በ12 ዓመት የሚያንሰው ታናሽ ወንድሙ ፍሬድ እሱ ባደገበት ጠረጴዛ ላይ አድጎ ነበር። በ1940 ፍጻሜ ሁለቱ ወንድማማቾች ተገናኙ። ግጥሚያው እስከ መጨረሻው ሄደና ጆ 37 ለ 36 አመለጠ። በዚያው ዓመት ፍጻሜው የተደረገበት የለንደኑ ተርስተን አዳራሽ በጀርመን ቦምብ ተመታ። ሻምፒዮናውም እስከ ጦርነቱ ማብቂያ ተቋረጠ።

እ.ኤ.አ በ1946 ውድድሩ ሲመለስ ጆ 45 ዓመት ሆኖት ነበር። ለንደን ውስጥ በትልቅ አዳራሽ፣ ሁለት ሳምንት በፈጀ ፍጻሜ ሆራስ ሊንድረምን 78 ለ 67 ረታ። 15ኛ ዋንጫው ነው። ከዚያም ከሻምፒዮናው ራሱን አገለለ። ከ1927 ጀምሮ በዚህ ውድድር አንድም ጊዜ አልተሸነፈም። ከዚያ በኋላ በሌሎች ግጥሚያዎች፣ ለተጋጣሚው ነጥብ ሳይሰጥ በእኩል ጀምሮ የተሸነፈው አራት ጊዜ ብቻ ሲሆን አራቱንም ያሸነፈው ወንድሙ ፍሬድ ነው።

የሕይወቱ አነጋጋሪ ክፍል እዚህ ላይ ይጀምራል። ጆ ከሻምፒዮናው ወጣ እንጂ ከጨዋታው አልወጣም። በሌሎች ውድድሮችና የትርዒት ግጥሚያዎች መጫወቱን ቀጠለ። የተጫዋቾቹ ማኅበር ሊቀ መንበርም ሆነ። ተመልካቹ ታዲያ ዋንጫውን ያነሳውን ሳይሆን ጆን ነበር የሚያየው። እሱ የሌለበት የዓለም ሻምፒዮና ዋጋው ወረደ። ፍሬድ ዋንጫውን ደጋግሞ ቢያነሳም ከታላቁ ጥላ መውጣት ከበደው። ገቢው ቀነሰ፣ ተወዳዳሪውም ጠፋ። እ.ኤ.አ ከ1957 በኋላ ሻምፒዮናው እስከ 1964 ድረስ ጭራሽ ሳይካሄድ ቀረ። ቤቱን የሠራው ሰው ሲወጣ ምሰሶውን ይዞት የሄደ ያህል ነው። ያላሸነፉት ሰዎች ሻምፒዮን ሲባሉ ተመልካች እንዴት ይመናቸው?

ለእሱ ግን አንድ ነገር ይቀረው ነበር። በስኑከር ከእያንዳንዱ ቀይ በኋላ ባለ ሰባቱን ጥቁር አስገብቶ ጠረጴዛውን ያጸዳ ሰው 147 ነጥብ ያገኛል። ያለ ተጋጣሚ ስህተት በአንድ ተራ ከዚህ በላይ የለም። እ.ኤ.አ ጃንዋሪ 22 ቀን 1955 በለንደኑ ሌስተር ስኩዌር አዳራሽ ከዊሊ ስሚዝ ጋር በተደረገ የትርዒት ግጥሚያ ጆ 147 አስቆጠረ። ዕድሜው 53 ነበር። ማኅበሩ ግን ጨዋታው በእኔ ደንብ አልተካሄደም ብሎ አላጸድቅም አለ። ያመነው ከሁለት ዓመት በኋላ በ1957 ነው። የመጀመሪያው በይፋ የተመዘገበ 147 ሆኖ ታሪክ ገባ።

ጆ በ1963 ከእንግሊዝ መንግሥት ኒሻን ተቀበለ። በቀጣዩ ዓመት በሕዝብ ፊት መጫወት አቆመ። ባለቀለም ቴሌቪዥን ሲመጣ ስኑከር እንደገና ነፍስ ዘራ። በ1977 ሻምፒዮናው ሸፊልድ ወዳለው ክሩሲብል ቲያትር ገባ።

በ1978 እዚያው ክሩሲብል ውስጥ ፍሬድ በ64 ዓመቱ ለግማሽ ፍጻሜ ደረሰ። ተጋጣሚው ደቡብ አፍሪካዊው ፔሪ ማንስ ነበር። ጆ ተመልካች መካከል ተቀምጦ ወንድሙን ሲያይ ድንገት ታሞ ወደቀ። በእኩል ተጋጥሞ ያሸነፈው አንድ ሰው ፍሬድ ብቻ ነበር፤ የመጨረሻ ጨዋታ ብሎ ያየውም የእሱን ሆነ። ፍሬድ 18 ለ 16 ተሸነፈ። ጆም ከሁለት ወር በኋላ፣ ጁላይ 10 ቀን 1978 በ77 ዓመቱ አረፈ።

እ.ኤ.አ ከ2019 ወዲህ የዓለም ስኑከር ሻምፒዮን የሚያገኘው ሽልማት 500 ሺህ ፓውንድ ነው። ዋንጫው ግን አልተቀየረም፤ ስድስት ፓውንድ ከአሥር ሽልንግ ይዞ ቤቱ የገባው የከሰል ቆፋሪው ልጅ መጀመሪያ ያነሳው ያው ነው።