የገበሬው ልጅ፣ የገጠሩ ሹም፦ የፍሪድሪሽ ራይፋይዘን ሕይወት

የስብሰባ ቀናችን ደርሶ ደብተሩ ሲዘረጋና ስማችን በተራ ሲጠራ፣ ይህ አሠራር ከየት መጣ ብለን የምንጠይቅ ጥቂቶች ነን። ዕቁብና ዕድር የእናቶቻችን ናቸው፤ ማንም ከውጭ መጥቶ አላስተማረንም። ጥቂት በጥቂት ቆጥቦ እርስ በርስ መበደር፣ አንዷ ለሌላዋ ዋስ መሆን፣ የተረፈውንም ሳይከፋፈሉ ለማኅበሩ መጠባበቂያ ማስቀመጥ ግን ሌላም የዘር ሐረግ አለው። ከዚያ ሐረግ አንዱ ትልቅ ቅርንጫፍ የሚያደርሰን ከአንድ ጀርመናዊ የገጠር ሹም ዘንድ ነው።

ሰውየው አብዮተኛ አልነበሩም። ንጉሣቸውን የሚያከብሩ፣ ሃይማኖታቸውን አጥብቀው የያዙ፣ የቆየው ሥርዓት እንዲጸና እንጂ እንዲፈርስ የማይሹ ወግ አጥባቂ ነበሩ። ዛሬ የድሃ ማኅበራት በየአገሩ ስማቸውን የሚያነሡት ግን እኒህን ሰው ነው። እንዴት እዚያ እንደደረሱ በዚህ እትም ልንተርክ ወደድን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት፣ ለይተን ካላመለከትን በቀር፣ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ፍሪድሪሽ ቪልሄልም ራይፋይዘን በማርች 30 ቀን 1818 በዚግ ወንዝ አጠገብ በምትገኝ ሃም በምትባል መንደር ተወለዱ። ቬስተርቫልድ የሚባለው ይህ አገር ብርዳማ ደጋ ነው፤ አፈሩ ስስ፣ የየገበሬው ማሳም ትንሽ ነበር። አባታቸው ገበሬ ነበሩ፤ ለጥቂት ጊዜም የአካባቢው ሹም ሆነው አገልግለዋል። ነገር ግን ቤቱ ብዙ ሳይቆይ ችግር ላይ ወደቀና የዘጠኝ ልጆች ሸክም በእናታቸው በአማሊያ ጫንቃ ላይ አረፈ። ፍሪድሪሽ ሰባተኛው ልጅ ነበሩ። ከፍ ወዳለ ትምህርት ቤት የሚልካቸው ገንዘብ ስላልነበረ ተጨማሪውን ትምህርት ያገኙት ከመንደሩ ቄስ ነው። በ17 ዓመታቸው ወታደር ሆነው ወደ ኮሎኝ ሄዱ። እዚያ ጥሩ ተስፋ ነበራቸው፤ ሆኖም ዓይናቸው ታመመና በ1843 ከሠራዊቱ ተሰናበቱ። ይህ የዓይን ሕመም ዕድሜ ልካቸውን አልለቀቃቸውም። በኋላ እንደምናየውም የሌላ ሰው ሕይወት አቅጣጫ ለውጧል።

ከሠራዊቱ ወጥተው ወደ አስተዳደር ሥራ ገቡ። በ1845፣ ገና ሠላሳ ዓመት ሳይሞላቸው፣ የቫየርቡሽ ሹም ሆነው ተሾሙ። የአገሩ ቃል ከንቲባ የሚል ቢሆንም፣ ሥራው ብዙ ትንንሽ መንደሮችን ማስተዳደር ስለነበር ለእኛ የወረዳ አስተዳዳሪ ቢባል ይቀርባል። ሹመቱ የሕዝብ ምርጫ ሳይሆን የፕሩስያ መንግሥት ነበር። በዚያው ዓመት ኤሚሊ የተባሉ የመድኃኒት ቀማሚ ልጅ አገቡ።

ሹመቱ ገና ሳይሞቅ ረኀብ መጣ። በ1846 ድንቹም እህሉም ከሸፈ፤ ክረምቱ ሲገባ በየጎጆው የሚበላ ጠፋ። መንግሥት ከጎተራው እህል ላከ፤ ነገር ግን ያለ ጥሬ ገንዘብ ለማንም እንዳይሰጥ አዘዘ። የተራበ ገበሬ ጥሬ ገንዘብ ከየት ያመጣል? ወጣቱ ሹም እዚህ ላይ መምረጥ ነበረባቸው። ዕድሜያቸውን በሙሉ ለበላይ መታዘዝን ያስተማሩት እኒህ ሰው ትእዛዙን አልፈጸሙም። እህሉን ለድሆቹ በዱቤ አደሉ። ከዚያም ያላቸውን ነዋሪዎች ሰብስበው ገንዘብ እንዲያዋጡ አደረጉ፤ በመዋጮው ዱቄት ተገዛ፣ የጋራ ዳቦ መጋገሪያ ቤት ተሠራ፣ ዳቦውም በቅናሽና በዱቤ ለድሆች ደረሰ። የሚዘራ ዘርም ተገዛላቸው። አዝመራው ሲደርስ ተበዳሪዎቹ ዕዳቸውን ከፈሉ። ይህን ነገር ራይፋይዘን አልረሱትም፦ ማስያዣ የሌለው ድሃ ዕዳውን ሊከፍል ይችላል።

በ1848 ወደ ፍላመርስፌልድ ተዛወሩ። አውሮፓ በዚያ ዓመት በአብዮት ትናወጥ ነበር፤ የእሳቸው ጭንቀት ግን ላም ነበረች። ነገሩ ለገጠር ልጆች አዲስ አይደለም። ላም የሌለው ገበሬ ወተትም፣ ለማሳው ፍግም፣ የሚያርስበትም ጉልበት የለውም። ስለዚህ ላሟን ከከብት ነጋዴ በዱቤ ይወስዳል። ወለዱ ከባድ ነው፤ አንድ ዓመት ዝናቡ ከተዛባ ወይም ላሟ ከታመመች ዕዳው ያድራል። በሁለተኛው ዓመት ላሟ ትሄዳለች፤ በሦስተኛው መሬቱ ይከተላል። ራይፋይዘን በ1849 ስድሳ ባለጸጎችን አስተባብረው የረድኤት ማኅበር አቋቋሙ። ስድሳዎቹ በሙሉ ንብረታቸው በጋራ ዋስ ሆነው ገንዘብ ተበደሩ፤ በገንዘቡም ከብት እየገዙ ለድሃ ገበሬዎች ሰጡ። ዋጋው በአምስት ዓመት የሚከፈል ነበር። ብዙ ገበሬ ከአራጣ አበዳሪ እጅ ወጣ።

በነገራችን ላይ፣ በዚያ አገር ስለ አራጣ ሲነሣ ብዙ ጊዜ ጣት የሚቀሰረው በአይሁዳውያን ነጋዴዎች ላይ ነበር። ራይፋይዘንም ከዚህ ከዘመናቸው ጭፍን ጥላቻ ነጻ አልነበሩም። የሰውን መልካም ሥራ ስንተርክ ይህን መሸፈን አይገባንም።

በ1852 በራይን ወንዝ ዳር በኖይቪድ ከተማ አጠገብ ያለችውን ሄደስዶርፍን እንዲያስተዳድሩ ተላኩ። በ1854 እዚያም የበጎ አድራጎት ማኅበር መሠረቱ። ዓላማው ሰፊ ነበር፦ ጠባቂ ያጡ ልጆችን ማሳደግ፣ ከእስር ለወጡ ሰዎች ሥራ መፈለግ፣ ለገበሬዎች ከብት መግዛት፣ ገንዘብ ማበደር፣ መጻሕፍት ማስነበብ። ገንዘቡም ዋስትናውም ከባለጸጎች ነበር። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ሁሉም ተሯሯጠ። እያደር ግን የሰጪዎቹ ልብ ቀዘቀዘ፤ አንዱ ሲሞት፣ አንዱ ሲሰለች፣ አንዱ በንብረቱ ዋስ መሆኑ ሲከብደው ማኅበሩ ሳሳ። ከተዘረዘሩት ሥራዎች መካከል አንድ በአንድ እየቀሩ ማበደሩ ብቻ ተረፈ።

ራይፋይዘን ይህን መቀበል አልወደዱም። የባለጸጋ ክርስቲያናዊ ፍቅር ለድሃው ይበቃል ብለው ለዓመታት አምነው ነበር። ነገር ግን የራሳቸው ሥራ ሌላ አስተማራቸው። ተረጂዎቹ የማኅበሩ አባላት አልነበሩም፤ ስብሰባ ላይ አይቀመጡም፣ ድምፅ አይሰጡም፣ ለጎረቤታቸው ብድርም አይጠየቁም። ሰጪዎቹ ሲደክሙ የሚተካቸው አልነበረም።

ስለዚህ በ1864 ማኅበሩ በብድር ማኅበርነት እንደ አዲስ ተቋቋመ፤ ዋናው ደንብም አጭር ነበር፦ ብድር የሚፈልግ አባል ይሁን። አባል የሆነ ሁሉ ለማኅበሩ ዕዳ ባለው ንብረት ሁሉ ዋስ ነው። ማኅበሩ ሰው ከሰው በሚተዋወቅበት በአንድ አጥቢያ ይወሰን። መሪዎቹ ያለ ደመወዝ ይሥሩ፤ ክፍያ የሚያገኘው የሒሳብ ሠራተኛው ብቻ ነው። ትርፉ አይከፋፈልም፤ ለመጠባበቂያ ይቀመጣል፤ መጠባበቂያውም የትውልድ ሁሉ ነው።

ሁለት ፍየል ያለው ገበሬ ለጎረቤቱ ዕዳ በሁለቱም ፍየሎቹ ዋስ ይሁን ማለት ቀላል ነገር አይደለም። እኛም በስብሰባችን ለምን በሰው ዕዳ እጠየቃለሁ የሚል ጥያቄ ሲነሣ ሰምተናል፤ ጥያቄው ተገቢ ነው። የራይፋይዘን መልስ በአሠራሩ ውስጥ ነበር። ዋስ የሆነ ሰው ገንዘቡ ለምን እንደዋለ ያያል፤ ላሟ መገዛቷን፣ ጣሪያው መከደኑን አጥር ተሻግሮ ይመለከታል። ተበዳሪውም የሚያፍረው የማያውቀውን ባንክ ሳይሆን በየዕለቱ የሚያገኘውን ጎረቤቱን ነው። ብቻውን ማንም የማያምነው ድሃ፣ መንደሩ በሙሉ ዋስ ሲሆንለት ገንዘብ ያለው ሁሉ ያበድረዋል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የሚለው የአገራችን አባባል ይህንኑ ነው።

ሥራው እየተቃና ሲሄድ ቤታቸው ግን ጨለመ። ከሰባት ልጆቻቸው ሦስቱ በሕፃንነታቸው ሞተዋል፤ በ1863 ደግሞ ባለቤታቸው ኤሚሊ አረፉ። እሳቸውም የተስቦ በሽታ ይዟቸው ጤናቸው ተናጋ፤ ዓይናቸውም እየደከመ ሄደ። በ1865፣ በ47 ዓመታቸው፣ በጡረታ ተሰናበቱ። ጡረታው ለቤተሰቡ ስለማይበቃ መጀመሪያ የሲጋር መሥሪያ፣ በኋላም የወይን ጠጅ ንግድ ከፈቱ። ሌሎች ሰዎች ገንዘብ እንዲያገኙ የደከሙት ሰው ለራሳቸው ጓዳ ሲሉ ነጋዴ ሆኑ።

እዚህ ላይ የመጀመሪያ ልጃቸውን አማሊን ማንሣት አለብን። እናቷ ሲሞቱ ገና 17 ዓመት አልሞላትም ነበር። ከዚያ ወዲያ የአባቷ ዓይንም እጅም እሷ ሆነች። የሚመጣውን ደብዳቤ ታነባለች፤ እሳቸው በቃል የሚሉትን ትጽፋለች። ስለ ብድር ማኅበራት የጻፉት መጽሐፍ በ1866 ሲታተም ከየመንደሩ ጥያቄ ጎረፈ፤ የሁሉም መልስ በእሷ እጅ አለፈ። አባቷ በ1867 ሌላ ሚስት ቢያገቡም የአማሊ ሥራ አልቀነሰም። ሳታገባ፣ የራሷን ጎጆ ሳትቀልስ፣ በዚያው ጠረጴዛ ላይ ኖረች። ወግ አጥባቂው አባት ልጃቸው ይህን ሁሉ መሸከሟን እንደ ሴት ልጅ ግዴታ ሳይቆጥሩት አይቀሩም። እኛ ግን አባሎቻችን ሴቶች ነንና ልናልፈው አንችልም። በማኅበራቱ አመራር ላይ የተጻፈው የወንዶች ስም ነበር፤ ማኅበራቱን ያስተሳሰረው ደብዳቤ ግን በአብዛኛው የሴት እጅ ጽሑፍ ነበር።

ራይፋይዘን ተቃዋሚም አላጡም። የከተማ ነጋዴዎችንና የእጅ ባለሙያዎችን በብድር ማኅበር ያደራጁት፣ በፖለቲካም ለዘብተኛ የነበሩት ሄርማን ሹልሰ-ደሊች፣ አባላት አክሲዮን ይግዙ፣ ትርፍም ይከፋፈሉ ይሉ ነበር። ራይፋይዘን ደግሞ ለአክሲዮን የሚሆን ገንዘብ የሌለው ገበሬ በር ላይ ሊቀር ነው ብለው ሞገቱ። ክርክሩ ዓመታት ወሰደ። ይሁን እንጂ ራይፋይዘን ከተቃዋሚያቸውም እንደተማሩ አይካድም፤ ተበዳሪው ራሱ አባል ይሁን የሚለውን ሐሳብ ቀድመው የሠሩበት ሹልሰ-ደሊች ነበሩ። በ1872 የመንደር ማኅበራትን የሚያገናኝ ባንክ በኖይቪድ ተቋቋመ፤ ገንዘብ የተረፈው መንደር ለጎደለው ማበደር ቻለ። በ1877 ደግሞ ማኅበራቱ በአንድ ኅብረት ተሰባሰቡ።

ራይፋይዘን በማርች 11 ቀን 1888 ዓረፉ፤ 70 ዓመት ሊሞላቸው የቀረው ሦስት ሳምንት ያህል ነበር። በዚያን ጊዜ በእሳቸው ደንብ የሚሠሩት ማኅበራት ከ400 በላይ ነበሩ። አማሊ በ1897 አረፈች።

የዚህ ታሪክ አንዱ ጫፍ አገራችን ደርሷል። በኅዳር 2009 ዓ.ም. የዩኔስኮ ኮሚቴ አዲስ አበባ ላይ ተሰብስቦ፣ ሰዎች ለጋራ ጥቅማቸው በኅብረት ሥራ ማኅበር የሚደራጁበትን ልማድ ጀርመን ባቀረበችው ጥያቄ መሠረት በዓለም የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ አስገባው። የገዳ ሥርዓታችን የተመዘገበውም በዚያው ጉባኤ ነው። የቬስተርቫልድ ገበሬዎች ደብተርና የገዳ ሸንጎ በአንድ ሳምንት፣ በአንድ አዳራሽ ተወሱ።

ከእኒህ ሰው ሕይወት የምንወስደው ለሁላችንም የሚሆን ነገር አለ። ደጋፊዎቻችን ሆይ፣ የቫየርቡሽ ዳቦ ቤት ነፍስ አድኗል፤ የተራበ ሰው ቆጥቦ እስኪበላ አይጠብቅም። መስጠት አያስፈልግም የሚል ትምህርት ከዚህ ታሪክ አይወጣም። የሚወጣው ትምህርት፣ የሰጪ እጅ መድከሙ የማይቀር ስለሆነ፣ ሳይደክም በፊት ተረጂው ወንበር እንዲኖረው ነው። ስለዚህ ደንባችን ለምን አባላትን ያስቆጥባል፣ ለምን በስብሰባ ያስወስናል ብላችሁ ስትጠይቁን፣ የሄደስዶርፍን ዐሥር ዓመት አስታውሱልን።

አባሎቻችን ሆይ፣ ለእኅታችሁ ዋስ ሆናችሁ ስትፈርሙ ሸክም ብቻ አልተሸከማችሁም፤ አንድ ባንክ የማይሰጣትን እምነት ሰጥታችኋታል። ደብተር የምትይዙ ጸሐፊዎቻችንንም በዚህ አጋጣሚ እናመስግን። ልጅ አዝላችሁ፣ ወጥ ጥዳችሁ፣ ማታ በመብራት የምትደምሩት ሒሳብ ማኅበሩን ያቆመ ምሰሶ ነው። የአማሊን ድካም የሚያውቅ ጥቂት ነው። የእናንተ ስም ግን በየስብሰባው ቃለ ጉባኤ ላይ ከሊቀመንበሯ ስም ጎን ይጻፍ፤ ሥራውም በአንዲት ሴት ትከሻ ላይ ዕድሜ ልክ እንዳይቀር በየጊዜው ተተኪ እናሠልጥን።