ሎይ ፉለር፦ ዳንሷን የተነጠቀችው የመድረክ መብራት ፈር ቀዳጅ

ኮንሰርት ስትገቡ መጀመሪያ ቀልባችሁን የሚይዘው ምንድን ነው? ዘፋኙ ሳይወጣ አዳራሹ ጭልም ይላል። ከዚያ ቀይና ሰማያዊ መብራት ይለቀቃል፣ ስክሪኑ መንቀሳቀስ ይጀምራል፣ ሁላችንም ስልካችንን እናወጣለን። ይሄን ነገር ካስጀመሩት ሰዎች አንዷ የዛሬ 130 ዓመት ገደማ መድረክ ላይ የነበረች ሴት ናት።

ሎይ ፉለር ትባላለች። በ1862 አሜሪካ፣ ኢሊኖይ ውስጥ ተወለደች (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው)። በልጅነቷ ቲያትር ጀመረች። ዳንስን ግን ትምህርት ቤት ገብታ አልተማረችም፣ መብራትንም እንደዚያው። ሁለቱንም በሙከራ ነው ያወቀቻቸው።

ዘመኑ ቲያትር ቤቶች ከጋዝ ወደ ኤሌክትሪክ መብራት የሚሸጋገሩበት ነበር። ሎይ መድረኩን በጥቁር ጨርቅ ሸፈነች፣ አዳራሹን አጨለመች። በጣም ሰፊ ነጭ የሐር ቀሚስ ለብሳ፣ ቀሚሱ ውስጥ በተሰፉ ረጃጅም ዘንጎች ጨርቁን በአየር ላይ ታሽከረክረዋለች። የመብራት ሠራተኞቿ ደግሞ ባለቀለም ክብ መስታወት በመብራቱ ፊት እያዞሩ ከጎን፣ ከላይ፣ ከመስታወት ወለል ሥር ሳይቀር ያበሩባታል። ተመልካቹ ሴቲቱን ሳይሆን አበባ፣ ቢራቢሮ፣ እሳት ያያል። በአጭሩ፣ የለበሰችው ቀሚስ ስክሪን ነበር።

ችግሩ የመጣው ወዲያው ነው። ዳንሱ ኒውዮርክ ውስጥ ዝነኛ ሲሆን ሌሎች ኮረጁት። በ1892 አንዷን ፍርድ ቤት ከሰሰች፣ ተሸነፈች። ዳኛው ዳንሱ ታሪክ የማይተርክ ባዶ እንቅስቃሴ ስለሆነ የቅጂ መብት አይጠብቀውም ብለው ወሰኑ። እዚያው ዓመት ፓሪስ ስትገባ ደግሞ ፎሊ በርዤር በተባለው ታዋቂ መድረክ ላይ ሌላ ሴት የሷን ዳንስ እየሠራች አገኘቻት! ሎይ ግን ሥራ አስኪያጁ ፊት ጨፍራ ቦታውን ወሰደች። ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ምሽቶች የተወነችው ግን በአስመሳይዋ ስም ነበር ይባላል።

ከዚህ በኋላ ነቃች። ዳንሱን ሕግ ካልጠበቀላት ዕቃውን ይጠብቅላታ! ዘንግ ያለው ቀሚሷንና የመድረክ መሣሪያዎቿን በ1890ዎቹ ፓተንት አስወጣችባቸው። በ1900 የፓሪስ ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን ላይ የራሷ ቲያትር ቤት ነበራት።

ሙከራዋን ግን አላቆመችም። ራዲየም በጨለማ ያበራል ሲባል ሰምታ፣ ለቢራቢሮ ክንፍ ይሆነኛል ብላ ለማሪና ፒዬር ኩሪ ደብዳቤ ጻፈች። እነሱም እንደማይሆን አስረዷት። ለምስጋና ቤታቸው ሄዳ ጨፈረችላቸው፣ ወዳጅም ሆኑ። በጨለማ የሚያበራ ልብስ ለመሥራት የራሷን ቤተ ሙከራ እስከ መክፈት ደርሳለች። በ1920ዎቹ መጀመሪያ ላይ ደግሞ ወደ ፊልም ሥራ ገባች።

ይሄ ሁሉ ዋጋ አስከፍሏታል። ለዓመታት ኃይለኛ መብራት ፊት መቆም ዓይኖቿን ጎድቷቸዋል። በ1928 መጀመሪያ ላይ ፓሪስ ውስጥ በሳንባ ምች አረፈች። አመዷ ፔር ላሼዝ መካነ መቃብር አለ። አሜሪካ ለዳንስ ድርሰት በግልጽ የቅጂ መብት የሰጠችው በ1976 በወጣ ሕግ ነው፣ ሎይ ከሞተች ከ48 ዓመት በኋላ።

አሁን ዩቲዩብ ገብታችሁ ስሟን ብትፈልጉ ቀሚስ እያሽከረከረች የምትጨፍር ሴት ታገኛላችሁ። ቀለሙ በእጅ የተቀባ፣ በጣም የሚያምር ቪዲዮ ነው። ግን ልብ በሉ፣ ኤዲሰንና የሉሚየር ወንድማማቾች የቀረጿቸው ሎይን አይደለም፣ የሷን ዳንስ የሠሩ ሌሎች ሴቶችን ነው። በስሟ የሚዞረው ቪዲዮ እንኳን ብዙውን ጊዜ የአስመሳዮቿ ነው።