የባሕረ ሐሳቡ ድሜጥሮስ

ድሜጥሮስ በሁለተኛውና በሦስተኛው መቶ ዓመት በግብፅ የኖረ፣ የእስክንድርያ አሥራ ሁለተኛው ሊቀ ጳጳሳት ነው። በትውፊት እንደሚነገረው፣ ለዚህ ማዕረግ ከመብቃቱ በፊት በወይን አትክልት ሥራ የሚተዳደር ገበሬ እንጂ በትምህርቱ የታወቀ ሰው አልነበረም። ሊቀ ጳጳሳት ዩልያኖስ ሊሞት በተቃረበበት ጊዜ ያለ ወራቱ ያፈራ የወይን ዘለላ ይዞ በመገኘቱ ተመረጠ፤ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ189 ዓ.ም. ገደማም ተሾመ። ባለ ትዳር በመሆኑ ግን ብዙዎች አጉረመረሙበት።

ድሜጥሮስን አጥብቆ ያሳሰበው ጉዳይ በየዓመቱ የሚዘዋወሩት አጽዋማትና በዓላት የሚውሉበት ቀን ነበር። ዐቢይ ጾም ከሰኞ፣ ስቅለት ከዓርብ፣ ትንሣኤ ከእሑድ እንዳይወጡ ይመኝ ነበር። ይህን ምኞት የፈጸመው በባሕረ ሐሳብ ስሌት እንደ ሆነ ትውፊቱ ያስረዳል። የታሪክ ተመራማሪዎች በበኩላቸው ስሌቱ ዛሬ ባለው መልክ የተሟላው ከእርሱ በኋላ በተነሡ የእስክንድርያ ሊቃውንት መሆኑን ይገልጻሉ።

ባሕረ ሐሳብ ከባድ የሚመስለውን ጥያቄ በአራቱ መደበኛ ስሌቶች ደረጃ በደረጃ ይፈታል። ለምሳሌ 2000 ዓ.ም.ን እንውሰድ። በመጀመሪያ 5500 ሲደመርበት 7500 ይሆናል። ይህ ለ19 ሲካፈል 394 ደርሶ 14 ይቀራል። ከቀሪው 1 ሲቀነስ የሚገኘው 13 ወንበር ይባላል። ወንበሩ በ11 ሲባዛ 143 ይሆናል፤ ይህም ለ30 ተካፍሎ የሚቀረው 23 አበቅቴ ነው። እንደገና ወንበሩ በ19 ሲባዛ 247 ይሆናል፤ ለ30 ተካፍሎ የሚቀረው 7 ደግሞ መጥቅዕ ነው። አበቅቴና መጥቅዕ ሲደመሩ ምን ጊዜም 30 ይሆናሉ፤ ካልሆኑ ከደረጃዎቹ በአንዱ ስሕተት ገብቷል ማለት ነው። የጾሙና የበዓሉ ቀን የሚወጣው ከመጥቅዕ ተነሥቶ ስለ ሆነ፣ በአንድ ቀሪ ላይ የተፈጸመ ስሕተት የሕዝብን ጾም ሁሉ ከቀኑ ያስወጣል። ስለዚህ አንዱን ደረጃ ሳያረጋግጡ ወደሚቀጥለው ማለፍ አይገባም።

ድሜጥሮስ ከ40 ዓመት በላይ በመንበሩ ቆይቶ በ231 ዓ.ም. ገደማ ዐረፈ። የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያንም በየዓመቱ ጥቅምት 12 ቀን ታስበዋለች። በደሴ ከተማ፣ በሆጤም ሆነ በሌላው ሠፈር፣ በየግድግዳው በሚሰቀለው የቀን መቁጠሪያ ላይ የሚታየው የፋሲካ ቀን የሚወጣው በዚሁ ስሌት ነው። በትምህርቱ ያልታወቀው ገበሬ ስሙ ከቁጥር ጋር ተያይዞ እስከ ዛሬ ይነሣል።