ባልዛክ፦ የገበሬው የልጅ ልጅ እና የምኞት ዋጋ

የፈረንሳይ ልቦለድ ሲነሣ ስማቸው በቅድሚያ ከሚጠራ ደራስያን መካከል ኦኖሬ ደ ባልዛክ አንዱ ነው። ከሁለት ሺህ በላይ ገጸ ባሕርያትን ፈጥሮ አንድን ማኅበረሰብ ከነሹመቱ፣ ከነሀብቱና ከነዕዳው በወረቀት ላይ ያቆመው ይህ ሰው፣ የጻፈውን ነገር ከሩቅ ተመልካች ሆኖ አላየውም። ገጸ ባሕርያቱ የተመኙትን ራሱም ተመኝቷል፤ የተሸከሙትን ዕዳ ራሱም እስከ መቃብሩ ደጃፍ ተሸክሟል።

የባልዛክ ዘር ከእርሻ መንደር ይመዘዛል። አባቱ በርናር ፍራንሷ በደቡብ ፈረንሳይ፣ በታርን ምድር ይኖር ከነበረ የገበሬ ቤተሰብ ለተወለዱ አሥራ አንድ ልጆች ታላቅ ነበር። የቤተሰቡ መጠሪያ ባልሳ ይባል ነበር። ወጣቱ ፊደል ከቆጠረ በኋላ የአባቱን እርሻ ትቶ ወደ ፓሪስ አቀና፤ በመንግሥት ጽሕፈት ቤቶች ደረጃ በደረጃ ከፍ አለ፤ ስሙንም ባልዛክ ብሎ ለወጠ። ከፈረንሳይ አብዮት በኋላ በቱር ከተማ ለጦር ሠራዊቱ ስንቅ በማቅረብ ሥራ ላይ ተመደበ። በእርሱና በሚስቱ መካከል የ32 ዓመት የዕድሜ ልዩነት ነበር፤ እርስዋም ከፓሪስ ነጋዴዎች ወገን ነበረች።

ኦኖሬ እ.ኤ.አ ሜይ 20 ቀን 1799 በቱር ተወለደ። ገና በአራስነቱ ለሞግዚት ተሰጠ። ስምንት ዓመት ሲሆነው ደግሞ በቫንዶም ከተማ ወደሚገኝ አዳሪ ትምህርት ቤት ተላከ፤ በዚያም ስድስት ዓመት ያህል ከቤተሰቡ ተለይቶ ኖረ። በሥራዎቹ ውስጥ የወላጅና የልጅ ፍቅር ተደጋግሞ የሚነሣ ቁስል መሆኑን የሚያነብብ ሰው፣ ይህን የልጅነት ዘመን ማስታወሱ ተገቢ ነው።

በ1814 ቤተሰቡ ወደ ፓሪስ ሲዛወር ኦኖሬም አብሮ ሄደ። በ1816 የሕግ ትምህርት ጀመረ፤ ጎን ለጎንም በጠበቃና በውል አዋዋይ ቢሮዎች ጸሐፊ ሆኖ ሠራ። የውርስ ክርክር፣ የጥሎሽ ውልና የኪሳራ መዝገብ በየዕለቱ በእጁ ያልፉ ነበር። ወንድምና እኅት በንብረት ሲካሰሱ፣ ጋብቻ እንደ ንግድ ስምምነት ሲዋዋሉት ያየው በዚያ ነው።

ወላጆቹ ውል አዋዋይ እንዲሆን ፈለጉ። እርሱ ግን በ1819 እንቢ ብሎ ደራሲ መሆንን መረጠ። ወላጆቹም ራሱን የሚፈትንበት ጊዜና ጥቂት ገንዘብ ሰጡት፤ በአንድ ጠባብ የጣሪያ ሥር ክፍል ተቀምጦ ስለ እንግሊዛዊው መሪ ክሮምዌል በግጥም ተውኔት ጻፈ። ተውኔቱን የመረመረ ሊቅ ግን ወጣቱ ከሥነ ጽሑፍ በቀር ሌላ ማንኛውንም ሥራ ቢይዝ እንደሚሻለው ፈረደ። ባልዛክ ተስፋ አልቆረጠም፤ ለዓመታት በብዕር ስም ለገበያ የሚሆኑ ልቦለዶችን እየጻፈ ኖረ።

ከ1825 ጀምሮ ወደ ንግድ ገባ። መጻሕፍት አሳተመ፣ ማተሚያ ቤት ገዛ፣ የማተሚያ ፊደል ማቅለጫም ጨመረ። በ1828 ሁሉም ከሰረ፤ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ፍራንክ ዕዳም በጫንቃው ላይ ወደቀ። ከኪሳራው ያወጣችው በዋናነት እናቱ ነበረች፤ ልጅዋም በሕይወት ሳለ ያን ገንዘብ መልሶ አልጨረሰም።

በሚቀጥለው ዓመት በገዛ ስሙ ያሳተመው ልቦለድ የደራሲነት ሕይወቱን ከፈተለት። ከ1830ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶም በመጽሐፎቹ ላይ ከስሙ ፊት የመኳንንትን ዘር የምታመለክተውን «ደ» መጠቀም ጀመረ። የገበሬው የልጅ ልጅ ራሱን ከመሳፍንቱ ተርታ ለማሰለፍ የነበረው ጉጉት ከዚህች አንዲት ፊደል ይነበባል።

በ1834 መጨረሻና በ1835 መጀመሪያ ታላቅ ሥራው «አባባ ጎርዮ» በመጽሔት ላይ በተከታታይ ወጣ። ታሪኩ የሚጀምረው በ1819 ነው፤ ደራሲው ራሱ ሃያ ዓመት ሞልቶት በጣሪያ ሥር ክፍል በተቀመጠበት ዘመን። ቦታው በፓሪስ የሚገኘው የወይዘሮ ቮኬር ማደሪያ ቤት ነው። በዚያ የሚኖረው ሽማግሌ ጎርዮ ቀድሞ ቀጭን ፓስታ እየሠራ የሚሸጥ ነጋዴ ነበር። ሀብቱን ያፈራው በአብዮቱ ዘመን፣ ዱቄት በጠፋበትና ዋጋው በናረበት ወቅት ነው። እህልን በማወቅ የሚስተካከለው አልነበረም፤ ጥራቱንና የመጣበትን አገር ይለያል፣ መጪውን ምርትና ዋጋ ይተነብያል፣ ከሲሲሊና ከዩክሬን በርካሽ ያስገባል። ከእህል ንግድ ውጭ ግን የዋህ ነበር፤ በተለይም በልጆቹ ጉዳይ።

ጎርዮ ሁለቱን ሴቶች ልጆቹን ብዙ ጥሎሽ ሰጥቶ ዳረ። አናስታዚ የመኳንንት ሚስት ሆነች፤ ዴልፊን የባንክ ባለቤቱን ኑሲንጀንን አገባች። ልጆቹ ወደ ላይ ሲወጡ እርሱ ወደ ታች ወረደ። በማደሪያ ቤቱ ውስጥ ኪራይ እንዲቀንስለት ከደህናው ክፍል ወደ ከፋው እየተዛወረ፣ የብር ዕቃውን እያቀለጠ የልጆቹን ዕዳ ከፈለ። በሞት አልጋው ላይ ሳለ አንዳቸውም በጊዜው አልደረሱለትም፤ ለቀብሩም ባዶ ሠረገላዎቻቸውን ላኩ።

በዚያው ቤት የሚኖረው የሕግ ተማሪ ራስቲኛክ ከአንጉሌም አካባቢ የመጣ የባላገር መኳንንት ልጅ ነው። ቤተሰቡ ዓመታዊ ገቢው 3,000 ፍራንክ ያህል ሲሆን፣ ከዚህ ላይ 1,200 ፍራንክ ለእርሱ ይቆርጣሉ። በትልልቅ ሰዎች ቤት ለመታየት ልብስ ሲያስፈልገው ሌላ 1,200 ፍራንክ ጠየቀ። እናቱና አክስቱ ያላቸውን ሸጠው፣ እኅቶቹ ያጠራቀሙትን አራግፈው ላኩለት። ወጣቱ ደብዳቤያቸውን አንብቦ አለቀሰ፤ ገንዘቡን ግን አልመለሰም።

ቮትራን የተባለው ከእስር ያመለጠ ወንጀለኛ ለዚህ ወጣት አቋራጭ መንገድ ያሳየዋል፤ የአንዲት ልጃገረድ ወንድም ይገደል፣ ውርሱ ለእርስዋ ይድረስ፣ አንተም አግባት የሚል ነው። ራስቲኛክ ደሙን ይጸየፈዋል። ሆኖም የጎርዮን ቀብር ከሕክምና ተማሪው ቢያንሾን ጋር ተጋግዞ ካስፈጸመ በኋላ፣ ከፔር ላሼዝ መካነ መቃብር ከፍታ ላይ ሆኖ ፓሪስን ቁልቁል ይመለከታል፤ ከዚያም ወደ ዴልፊን ቤት ለእራት ይወርዳል። ባልዛክ በሌሎች ልቦለዶቹ መልሶ ሲያመጣው ራስቲኛክ ባለጸጋና ሚኒስትር ሆኗል።

አንዱን ገጸ ባሕርይ በብዙ መጻሕፍት ማመላለስ በዚህ ሥራ የጸና የባልዛክ ስልት ነው። ወደ 90 የሚጠጉ ሥራዎቹ «ሰብአዊው ተውኔት» በሚል አንድ ርእስ ሥር ተሰበሰቡ። ይህን ሁሉ የጻፈው አመሻሽ ላይ ተኝቶ፣ እኩለ ሌሊት ተነሥቶ፣ በቡና ኃይል እስከ ጠዋት እየሠራ ነው። በ1844 ስለ ገበሬዎችና ስለ ባለርስት ጠብ የሚተርክ ልቦለድ በጋዜጣ ማውጣት ጀመረ፤ ሳይፈጽመው ሞተ።

ሀብት ለማግኘት ያደረገው ሙከራም አላቋረጠም። በፓሪስ አቅራቢያ በገዛው መሬት ላይ በመስታወት ቤት አናናስ አልምቶ ለመሸጥ አሰበ። በ1838 ከጥንት ሮማውያን የማዕድን ቁፋሮ ከተረፈው ዝቃጭ ብር ለማውጣት ወደ ሰርዲኒያ ተጓዘ፤ ሲደርስ ፈቃዱን ሌላ ሰው ቀድሞት ነበር። ከ1840 ጀምሮ በፓሲ ባለ ሁለት መውጫ ቤት በሌላ ስም ተከራይቶ ከአበዳሪዎቹ ተሸሸገ። ያ ቤት ዛሬ የመታሰቢያው ሙዚየም ነው።

በ1832 ከዩክሬን ደብዳቤ ከጻፈችለት ፖላንዳዊት ባላባት ኤቬሊና ሃንስካ ጋር ለዓመታት ከተጻጻፉ በኋላ፣ በማርች 1850 ተጋቡ። ከአምስት ወር ያህል በኋላ፣ ኦገስት 18 ቀን 1850፣ በ51 ዓመቱ በፓሪስ አረፈ። እናቱ ከእርሱ በኋላ በሕይወት ቆየች። ወላጅን ስለሚያራቁቱ ልጆች የጻፈው ደራሲ ሲሞት፣ የገዛ እናቱ ባለዕዳ ነበር።

የተቀበረው ጎርዮን በቀበረበት በፔር ላሼዝ ነው፤ በመቃብሩም ላይ ቪክቶር ሁጎ ንግግር አደረገ። ባልዛክ ምኞትን አላወገዘም፤ ራሱ የምኞት ልጅ ነበርና። ለአንዱ መውጣት ማን እንደሚከፍል ግን በፍራንክ ቆጥሮ አሳይቷል። በሬውን ሸጦ ልጁን ከተማ ያስተማረ ወላጅ፣ የራስቲኛክን እናት ለማወቅ ፓሪስን ማየት አያስፈልገውም። ልጁም ቢሆን ስሌቱን በጊዜው ቢያነብበው ይጠቀማል።