ከሌላ አገር የመጡት የጤና ሚኒስትር

እዚህ ጀርሚስተን ስለ ብሔራዊ የጤና መድን ሲወራ ነገሩ ትናንት የተጀመረ ይመስላል። ዶክተር ሄንሪ ግሉክማን ግን ከ80 ዓመት በፊት ተከራክረውበታል። እንደ ወላጆቻችን ከሌላ አገር የመጡ ናቸው፤ የተወለዱት በ1893 (ዓመቶቹ በፈረንጆቹ ናቸው) ሊቱዌንያ ነው። ሐኪም ነበሩ፤ በኋላም የዮቪል የፓርላማ ተወካይ ሆኑ።

በ1942 የተቋቋመውን የጤና ኮሚሽን በሊቀ መንበርነት መሩ። በ1944 የወጣው ሪፖርት፣ ወጪው በግብር ይሸፈን፤ ጥቁር ነጭ፣ ሀብታም ድሃ ሳይባል ሁሉም ይታከም አለ። እኔን እንደ ነርሲንግ ተማሪ የሳበኝ የጤና ጣቢያው ሐሳብ ነው። 400 ያህል ይከፈቱ፤ ባለሙያውም ሰው እስኪታመም ከሚጠብቅ ቤት ለቤት ሄዶ ስለ ምግብና ስለ እናቶች ክትትል ያስተምር ነው የሚለው። ሲድኒና ኤምሊ ካርክ የተባሉ ባልና ሚስት ሐኪሞች ይህን ከ1940 ጀምሮ ናታል፣ ፎሌላ ላይ ይሠሩበት ነበር።

የስማትስ መንግሥት በ1945 ግሉክማንን የጤና ሚኒስትር አደረጋቸው፤ ዕቅዳቸውን ግን ሙሉውን አልተቀበለም። ሆስፒታሎቹ በክፍለ ሀገራቱ እጅ ቀሩ። የተከፈቱት ጣቢያዎች 40 ያህል ብቻ ናቸው፤ ናሽናል ፓርቲ በ1948 ካሸነፈ በኋላ እነሱም ተዳከሙ። ግሉክማን በ1987 አረፉ።

ፕሬዚዳንት ራማፎዛ የጤና መድኑን ሕግ በሜይ 2024 ፈረሙ። ተቃዋሚው ብዙ ነው፤ እኔ እደግፈዋለሁ፤ አንድ አንቀጽ ግን አይዋጥልኝም። ጥገኝነት ጠያቂ አዋቂ ከድንገተኛ ሕክምናና ለመንግሥት ሪፖርት ከሚደረጉ በሽታዎች ሌላ አይሸፈንለትም። ከመሀላችን ስንቱ ነው ያንን ወረቀት በየጊዜው የሚያሳድሰው?